ጠንቋይዋ ካሲሚሮ

በሞንተሎሳ ከተማ በካሲሚሮ መጥረጊያ ጭንቅላቱን ያልተመታ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት የመጣ እንግዳ ነው፣ ወይ ገና አልተወለደም። ከንቲባዋ ተመትታለች። ቄሱ ዶን አውሬሊዮ በልጅነታቸውም ከቀሰሱም በኋላ ተመትተዋል። አንዲት ሙሽራ ከነቬሏ ተመትታ፣ አበባዋ ሐዲዱ ላይ ተበትኖ፣ «አሁን ገና ተዳርኩ!» እያለች በሳቅ ስትፈርስ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እኔን ብቻ ነው መትቶኝ የማያውቀው። ቲኬት ሻጯ ስለሆንኩ ይፈራኛል።

ስሜ ቶኛ ነው። በመጫወቻው ስፍራ በር ላይ፣ እንጉዳይ በምትመስል ጠባብ ቤት ውስጥ ተቀምጬ አርባ ዓመት ቲኬት ቆርጫለሁ። ምላሷ ስለት ነው ይሉኛል። ይበሉ። ጢሙ ሊበቅል የደረሰ ልጅ እጅ ይዞ መጥቶ «አምስት ዓመት አልሞላውም፣ በነፃ ይግባ» የሚል አባት አርባ ዓመት ሲከራከራችሁ ምላሳችሁ ባይሳል ነው የሚገርመኝ።

ቦታው ኮረብታው ላይ ነው፤ ከአሮጌው ግንብ በላይ፣ ጥዶቹ መሀል። ቱሪስቶቹ ግንቡን ለማየት በአውቶቡስ ይመጣሉ። አስጎብኚው የትኛው ንጉሥ የትኛውን ወንድሙን እዚያ እንዳሰረ ሲተርክላቸው ፀሐይ አናታቸውን ታነድደዋለች። ከዚያ ላባቸውን እየጠረጉ ወደኛ ይወጣሉ፤ ትኩስ ቹሮ፣ በዘይት የተጠበሰ ረጅም ሊጥ፣ በቸኮላታ እያጠቀሱ ይበላሉ፤ የእንጨት ፈረሶቹ ላይ ይቀመጣሉ፤ በመጨረሻ በጠንቋይዋ ባቡር ይሳፈራሉ። በዓመቱ ተመልሰው ሲመጡ ስለ ንጉሡ የሚጠይቀኝ አንድም የለም። ቋንቋችንን ስለማይችሉ አናታቸውን በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ ነው የሚጠይቁኝ፤ ጠንቋይዋ አለች ወይ ማለታቸው ነው።

ባቡሩ ስድስት ፉርጎ አለው። አንደኛው ቀንድ አውጣ ይመስላል፣ ሌላው ዓሣ፣ ሌላው ጫማ፤ አራተኛው ዱባ ነው። ይህን ዱባ አትርሱብኝ። ባቡሩ ሦስት ዙር ይዞራል፣ በየዙሩም ጨለማ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ይወጣል። ዋሻው አፍ ላይ ጥቁር ቀሚስ የለበሰች፣ አፍንጫዋ እንደ ቃሪያ የተቆለመመ ጠንቋይ መጥረጊያዋን ይዛ ትጠብቃለች፤ የሚወጣውን ሁሉ አናት አናቱን ትለዋለች። ተሳፋሪው ደግሞ መጥረጊያውን ከእጇ ለመንጠቅ ይታገላል። የነጠቀ ፊኛ ይሰጠዋል፣ አንድ ጊዜ በነፃ ይሳፈራል፣ ከሁሉም በላይ ግን መጥረጊያውን ይዞ ፎቶ ይነሣል። ፎቶ አንሺዋም እኔ ነኝ። ፎቶውን ወዲያው አትሞ በሚያወጣው ካሜራዬ ሁለት አነሣለሁ፤ አንዱን ለባለቤቱ እሰጣለሁ፣ አንዱን የእንጉዳዬ ግድግዳ ላይ እለጥፋለሁ።

ካሲሚሮ ጠንቋይ ሊሆን አልነበረም የመጣው። ግንበኛ ነበር። የዛሬ ሠላሳ ስምንት ዓመት የዋሻው ጣሪያ ተሰንጥቆ ሊጠግን መጣ። ያን ጊዜ ጠንቋይዋ አንድ ቀጭን ተማሪ ነበር። የዚያን ዕለት አንዲት ልጅ ክንዱን ነከሰችውና ቀሚሱን አውልቆ ጥሎ እግሬ አውጪኝ አለ። ባቡሩ ሞልቷል፣ ወላጆች ይጮሃሉ፣ የቦታውን ባለቤት ላብ አጥምቆታል። ቀሚሱን ከመሬት አንሥቶ መሰላል ላይ ወደነበረው ካሲሚሮ ወረወረው።

«ለዛሬ ብቻ!» አለው።

«ሲሚንቶዬ ይደርቃል እኮ!» አለ ካሲሚሮ።

«ይድረቅ!»

ሲሚንቶው ደረቀ። እስከ ዛሬም ባልዲው ውስጥ እንደ ደረቀ ከዋሻው ጀርባ አለ፤ ካሲሚሮ ቁርሱን የሚበላው እሱ ላይ ተቀምጦ ነው።

ጠንቋይነት ቀላል እንዳይመስላችሁ። ካሲሚሮ መጥረጊያውን ከሥራ በፊት ውሃ ውስጥ ይነክረዋል፣ ገለባው ለስልሶ ማንንም እንዳያሳምም። ራሰ በራዎችን ሁለት ሁለቴ ይመታል፤ ድምፁ ያምራል ይላል። ሚስቱ ኤንካርና ዳቦ ቤት ስለምትሠራ የከተማው ወሬ ሁሉ ከዳቦው ጋር እሷ ዘንድ ይበስላል፤ እሷ ለባሏ ትነግረዋለች፤ እሱ ደግሞ በየምቱ ያውጀዋል። «ይሄ እናትህን ሳትጠይቅ ለሰነበትክበት!» ቿ! «ይሄ የጎረቤትሽን ድመት ለሰደብሽበት!» ቿ! ሰው ባቡሩ ላይ ወጥቶ ጥፋቱን ይሰማና እየሳቀ ይወርዳል። ዶን አውሬሊዮ ኑዛዜ የምቀበለው እኔ ብቻ አይደለሁም እያሉ ያማርራሉ።

አሁን ወደ ምሥጢሩ ልግባ። ይህን ስናገር ሥጋ ሻጩ ፌርሚን እንዳይሰማኝ ብቻ።

ካሲሚሮ በጀመረበት በዚያው በጋ ፌርሚን የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። አያቱ እጁን ይዛ አመጣችው። እናቱ ሆስፒታል ተኝታለች፤ ሁላችንም እናውቃለን። ልጁ አያለቅስም፣ አይስቅም፣ ቹሮውን እንኳ አልነከሰውም። ዱባው ፉርጎ ውስጥ ለብቻው አስቀመጥኩት። በመጀመሪያው ዙር ጠንቋይዋ አናቱን መታ አደረገችው፤ ዓይኑን አላርገበገበም። በሁለተኛውም እንዲሁ። በሦስተኛው ዙር መጥረጊያው ልጁ ጭን ላይ አረፈ። የካሲሚሮ ጣቶች ሲላሉ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ፌርሚን መጥረጊያውን አየ፣ ጠንቋይዋን አየ። ጠንቋይዋ ሐዲዱ ዳር ተንበርክካ «መጥረጊያዬን! ወይኔ መጥረጊያዬን ነጠቀኝ!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። ይሄኔ ያ ልጅ አንድ ጩኸት አወጣ፤ ታች ግንቡ ጋ የነበሩ ቱሪስቶች ሁሉ ቀና ብለው አዩ። ፎቶውን ሳነሣው የፊት ጥርሶቹ እንደሌሉ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ እስከዚያ አፉን ከፍቶ አላየሁትማ። እናቱም በኋላ ድና ወጣች።

የዚያን ቀን ማምሻውን ካሲሚሮ ቀሚሱን በክንዱ አንጠልጥሎ መስኮቴ ጋ መጣ።

«ቶኛ፣ አንቺ ፊታቸውን ቀድመሽ ታያለሽ» አለኝ። «እኔ ከዋሻ ውስጥ አናታቸውን ነው የማየው።»

«እና?»

«እንደ ፌርሚን ያለ ሲመጣ ዱባው ውስጥ አስቀምጪልኝ። ባቡሩን ስታስነሺ ደግሞ ደወሉን ሁለቴ ደውዪ።»

ደወሉ አንዴ ሲደወል ባቡሩ ይነሣል፤ ያ የሁልጊዜው ነው። ሁለቴ ከሆነ ግን ዱባው ውስጥ መጥረጊያው የሚገባው ሰው አለ ማለት ሆነ። ሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ሠራን። ለሁሉም አይደለም፤ በሳምንት አንዴ፣ አንዳንዴም በወር አንዴ። መነጽር ገና ያጠለቀችና ጓደኞቿ ያሾፉባት ልጅ። ከሌላ ከተማ መጥቶ ገና ማንንም የማያውቅ። አንዴ ደግሞ ከጀርመን የመጣች አሮጊት ነበረች፤ ሁሉም ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲሳፈሩ እሷ ሁለት ቲኬት ገዝታ አንዱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ደወልኩላት። መጥረጊያውን ከፍ አድርጋ ይዛ የተነሣችው ፎቶ ከማንም ፎቶ በላይ ያምራል።

ከዚህ የተነሣ ከተማችን በአሸናፊዎች ተሞላች። ሁሉም በጉልበቴ ነጠቅኩት ብሎ ያምናል። ፌርሚን ፎቶውን አስፍቶ ሱቁ ውስጥ ከተሰቀሉት የደረቁ የአሳማ እግሮች በላይ ሰቅሎታል። ዛሬ ከመቶ ኪሎ በላይ ነው፤ ደንበኛ ሁሉ ታሪኩን ሳይሰማ ሥጋ አይቆረጥለትም። «እንዲህ ጠምዝዤ!» ይላል፣ የበግ እግር ጠምዝዞ እያሳየ። «ሰባት ዓመቴ ነበር እኮ!» ካሲሚሮ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ቤቱ ባንኮኒ ላይ ቬርሙት የሚባለውን ወይን ፉት እያለ ይህን ሲሰማ ክንዱን ያሻል። «እውነቱን ነው» ይላል፣ «ሲበርድ እስከ ዛሬ ይጠዘጥዘኛል።» እኔ ሳቄን ለመያዝ ስንት የወይራ ፍሬ ከነዘሩ እንደዋጥኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሚገባቸው መሀል መጥረጊያውን አግኝታ የማታውቅ አንዲት ሰው ነበረች። የገዛ ልጁ።

አዙሴና አባቷ ቀሚሱን ሲለብስ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ዳቦ ቤት ስትውል እሷ እኔ ዘንድ ትውላለች፤ ከእንጉዳዬ አጠገብ የተገለበጠ የብርቱካን ሳጥን ላይ ተቀምጣ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለች ባቡሩን ታያለች። በአንድ ቀን ሃያ ጊዜ ሲመጣ ሃያ ጊዜ ታየዋለች። ስድስት ዓመት ሲሞላት በልደቷ ቀን ዱባው ውስጥ ገባች። እጄን ወደ ደወሉ ስሰድ ካሲሚሮ ከሩቅ ጣቱን አወዛወዘብኝ። አንዴ ብቻ ደወልኩ። ልጅቷ እንደ ማንም ተመትታ ባዶ እጇን ወረደች።

«ለምንድነው?» አልኩት ከሥራ በኋላ። «ለከተማ ሁሉ የሚሰጠው ለልጅህ ነው የሚከለከለው?»

«ለአዙሴና አትደውዪ። የሷ ይቆይ።»

«እስከ መቼ ነው የሚቆየው?»

«ይቆይ አልኩሽ! ከደወልሽላት ተቀያየምን።»

በሚቀጥለው ልደቷም አንዴ ደወልኩ፣ በሚቀጥለውም። ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ሳጥኗ ላይ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችኝና «ሁለቴ ስትደውዪ ነው አይደል?» አለችኝ። ምን ማለትሽ ነው ብዬ ካድኩ። አልተከራከረችኝም። ለማንም ደግሞ ትንፍሽ አላለችም፤ ያቺ ልጅ ሆዷ ጥልቅ ነው። ግን አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት መሳፈሯን ተወች።

አድጋ የጥርስ ሐኪም ሆነች፣ ሳራጎሳ ከተማ። ልጅ ማስፈራራትን ከአባቷ ነው የወረሰችው እያለ ፌርሚን ይቀልዳል። አባቷን ትወደዋለች፤ በየሳምንቱ ትደውልለታለች፤ የሚበላውን የማይበላውን ትቆጣጠራለች። ባቡሩ ክፍት በሆነበት ወቅት ስትመጣ ግን ወደ እንጉዳዬ ዝር አትልም። ታች ቡና ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ሥራው እስኪያልቅ ትጠብቀዋለች። እሱም አንድ ቀን «ነይ ተሳፈሪ» አላላትም። ሁለት ግትሮች። እኔ መሀል ቁጭ ብዬ ስንት ዓመት አየኋቸው፣ አንጀቴ እያረረ።

ዘንድሮ የካሲሚሮ ትከሻ አልታዘዝ አለ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሐኪሙ የትከሻውን የራጅ ፎቶ በብርሃን አይቶ «በዚህ ክንድ ነው ሰው የምትመታው?» ብሎ ደነገጠ አሉ። በመስከረም በከተማችን በዓል እሑድ ይሰናበታል ተባለ። የበዓሉ ኮሚቴ ተሰበሰበ፣ ሊቀመንበሩ ፌርሚን፤ ሐሳቡም የራሱ ነበር። የመጨረሻው ጉዞ የአሸናፊዎች ባቡር ይሁን አለ። መጥረጊያውን የነጠቁ ብቻ ይሳፈሩ፣ ጠንቋይዋን በክብር ይሸኟት። ሁሉም አጨበጨበ። ማስታወቂያውን የእኔው መስኮት ላይ ለጠፉት፦ «ግድግዳው ላይ ፎቶው የሌለ አይሳፈርም።»

ክፋት የለበትም። የጠንቋይዋ ልጅ ፎቶ የላትም ብሎ ማን ይጠረጥራል? ፌርሚን አዙሴና የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ እንደምትሆን አስቦ የክብር ወንበር ሁሉ አዘጋጅቶ ነበር፤ ግድግዳውን ግን አልፈተሸም።

እሑድ ቀትር ላይ የበዓሉ ሰልፍ አልቆ፣ ማርሽ ባንዱ እየነፋ ኮረብታውን ወጣ። ፀሐይዋ ደስ ትላለች። ቱሪስቶቹ ግንቡን ትተው አስጎብኚያቸውን ብቻውን አቁመው መጡ። ኤንካርናና አዙሴና ክንድ ለክንድ ተያይዘው ደረሱ። አዙሴና ማስታወቂያውን አነበበች። ደግማ አነበበች። ከዚያ እናቷን ለቅቃ ወደ መስኮቴ ጠጋ አለች።

«አክስቴ» አለችኝ። ዘመድ አይደለንም፣ ከልጅነቷ ግን እንዲሁ ነው የምትጠራኝ። «ግድግዳሽ ላይ ስንት ፎቶ አለ?»

«ኧረ ማን ቆጥሮት!»

«አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ሰባ አራት ነበር። ቆጥሬዋለሁ።»

ዞሬ ግድግዳውን አየሁ።

«ትልቅ ሰው ነኝ» አለች፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረች። «አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ የሰው ጥርስ እነቅላለሁ፣ በመጥረጊያ ማልቀስ ያሳፍራል። ግን ለጀርመን አሮጊት ሳይቀር ሰጥቶ እኔን ምን በደልኩትና ነው?»

«እሱን ራሱን ጠይቂው።»

«ጠይቄዋለሁ። ያንቺ ይቆይ አለኝ። ዛሬ እኮ መጨረሻው ነው አክስቴ። ከዚህ በኋላ የት ነው የሚቆየው?»

የመግቢያውን በር በእግሬ ገፋሁት።

«ግቢና ዱባው ውስጥ ተቀመጪ።»

«ፎቶ የለኝም እኮ።»

«ቲኬት የምቆርጠው እኔ ነኝ፣ ኮሚቴው አይደለም። ግቢ ብያለሁ!»

ገባች። ፌርሚን ቀንድ አውጣው ላይ ከነሆዱ ተቀምጦ ሲያያት እጁን አነሣ። «አዙሴና! እዚህ ከፊት ነው ያንቺ ቦታ! ዱባው እኮ...» ካለ በኋላ ዝርዝሩን ከኪሱ አወጣ፣ አየው፣ ግድግዳዬን አየው፣ ፊቱ ቀላ። «ቆይ... አንቺ ፎቶ የለሽም እንዴ?»

ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ዱባው ዞረ። ማርሽ ባንዱ እንኳ መለከቱን ከአፉ አወረደ።

«ፌርሚን» አልኩት፣ «አንተ የሁለት ሰው ቦታ ይዘህ አንድ ቲኬት ነው የቆረጥኩልህ። ስለ ደንብ ማውራት ከጀመርን ካንተ ነው የምንጀምረው።»

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ፤ ፌርሚንም ጭምር። እኔም ደወሉን ያዝኩ። አንዴ ደወልኩ። ከዚያ ዱባው ውስጥ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ የተቀመጠችውን ሴት አየሁና የስድስት ዓመቷ ልጅ ታየችኝ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ የካሲሚሮን ቃል ያፈረስኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ደገምኩት።

ዋሻው አፍ ላይ ጠንቋይዋ ዞራ አየችኝ። ከጭምብሉ ሥር ፊቱ አይታይም፣ ግን እንደተቆጣ አወቅኩ። መጥረጊያውን በሁለት እጁ ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ይህ ሰውዬ አይለቅላትም ማለት ነው አልኩ።

የመጀመሪያው ዙር ጉድ ነበር። አሸናፊዎቹ እንደ ልጅ ይጮሃሉ፣ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ካሲሚሮም ያን ሁሉ ዓመት ያጠራቀመውን አወረደባቸው። «ይሄ ስብከት ላስረዘሙብን!» ቿ! ዶን አውሬሊዮን። «ይሄ የመንገዱን ጉድጓድ ላልደፈንሽበት!» ቿ! ከንቲባዋን። ፌርሚን ዘመኑን ሁሉ ሲያወራለት የኖረውን ጥምዘዛ ጠመዘዘ፤ ኮፍያው በረረ፣ እጁ ባዶ ቀረ። «አርጅተህ በረታህ እንዴ አንተ?» ብሎ አፉን ከፈተ። ዱባው ሲደርስ አዙሴና ተነሥታ እጇን ሰደደች፤ መጥረጊያው አናቷ ላይ አረፈ፤ ከሌሎቹ ሁሉ ጠንከር ያለ ምት ነበር። ኤንካርና ከአጠገቤ «ይሄ ሽማግሌ አብዷል» አለች።

በሁለተኛው ዙር አዙሴና ገለባውን ጨበጠች። እሱ ይስባል፣ እሷ ትስባለች፤ ባቡሩ ይሄዳል፣ ካሲሚሮ ቀሚሱ እየተጠላለፈበት ከጎኑ ይሮጣል። ሰው ሁሉ ቆሞ ይጮሃል። ድንገት ካሲሚሮ ትከሻውን ሰብቆ አቃሰተ። ትንሽ ብትስበው ያልቅለት ነበር። እሷ ግን ትከሻውን አየችና ለቀቀችው። አንድ እፍኝ ገለባ ብቻ እጇ ላይ ቀረ።

ባቡሩ ለሦስተኛ ጊዜ ዋሻው ውስጥ ሲገባ እጆቿን መልሳ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አንገቷን ደፍታ ነበር። አበቃ አልኩ። ደወሉን ሁለቴ በመደወሌ ራሴን ረገምኩ፤ ባልደውል ኖሮ ቢያንስ ደወሉን ሰምቶ ከለከለኝ አትልም ነበር።

አሁን የምነግራችሁን እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ከፊቴ ሲሆን አላየሁትም። ካሲሚሮ ዳሌ የለውም። ቀሚሱ በየዙሩ ይወርድበታል። በሦስተኛው ዙር፣ ሦስተኛውን ፉርጎ መትቶ አራተኛው ሳይደርስ፣ መጥረጊያውን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ ያዛውርና ቀሚሱን ወደ ላይ ይስባል። ዓይን ተጨፍኖ እስኪከፈት ያህል ነው። እኔ አላየሁትም። የብርቱካን ሳጥን ላይ ተቀምጣ የሱፍ ፍሬ የምትፈለፍል ልጅ ግን አይታዋለች።

ጫማው ፉርጎ ወጣ፤ ቿ! ካሲሚሮ መጥረጊያውን ሊያዛውር ከቀኝ እጁ ለቀቀ፣ ግራ እጁ ገና አልጨበጠም። አንገቷን የደፋችው ሴት ብድግ አለች፤ ልክ የበሰበሰ ጥርስ እንደምትነቅል፣ አንዴ፣ ቀጥ አድርጋ፣ ሳታሳምመው ወሰደችው።

ጠንቋይዋ በአንድ እጇ ቀሚሷን፣ በሌላው ምንም ሳትይዝ ቆመች። ደንቡ ተንበርክካ «መጥረጊያዬን!» ማለት ነበር። ረሳችው። ካሲሚሮ ጭምብሉን ከነአፍንጫው አወለቀ፤ ተሳፋሪ ፊት እንዲህ ሲያደርግ አይቼው አላውቅም። ፊቱ በእንባና በላብ ርሷል፣ አፉ እስከ ጆሮው ተከፍቷል።

«ሠላሳ ስድስት ዓመት!» ብሎ ጮኸ። «ሠላሳ ስድስት ዓመት ፈጀብሽ፣ አንቺ ቀርፋፋ!»

ባቡሩ ቆመ። ማርሽ ባንዱ ያበደ ይመስል ነፋ። በዚያ ጫጫታ መሀል ዱባው አጠገብ የተባባሉትን የሰማነው እኔና ኤንካርና ብቻ ነን፤ እየሮጥን ደርሰን ነበርና።

«አባዬ፣ ሁለቴ ነው የተደወለው» አለች አዙሴና፣ መጥረጊያውን ደረቷ ላይ አቅፋ። «ሰምተሃል። አዝነህልኝ ነው የሰጠኸኝ? እውነቱን ንገረኝ።»

«ሰምቻለሁ። ከቶኛ ጋር በኋላ እንተያያለን» አለና በጎን ገረመመኝ። «ስሚኝ ልጄ። ለሌላው መስጠት ቀላል ነው። ነጠቅኩት ብሎ ደስ ብሎት ይሄዳል። አንቺ ግን ከዚያ ሳጥን ላይ ሆነሽ ሁሉን ታዪ ነበር። ብሰጥሽ እንደሰጠሁሽ ታውቂያለሽ። ምን ያደርግልሻል?»

«ባልነጥቀውስ ኖሮ?»

«እንደምትነጥቂው አውቅ ነበር። ዳገቱን ለመውጣት ሠላሳ ዓመት ታኮርፊያለሽ ብዬ ግን አላሰብኩም።»

አዙሴና ሳቀች፣ አለቀሰች፣ በመጥረጊያው አናቱን መታችው። ኤንካርና ደግሞ ሁለቱንም በእጇ መታቻቸው፤ ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት ተኳርፋችሁ የከረማችሁት ብላ።

ፌርሚን ኮፍያውን አግኝቶ እየተንደረደረ መጣ። «አዙሴና! እንኳን ደስ ያለሽ! በይ አሁን አንቺም ከኛው እኩል ሆንሽ!»

አንድ ቃል ብትናገር የከተማው ጀግና ሁሉ እዚያው ኩም ይላል። አዙሴና ፌርሚንን አየችው፤ ሱቁ ውስጥ የተሰቀለው ጥርስ አልባ ልጅ ትዝ ብሏት ይመስለኛል። ከዚያ አሸናፊዎቹን ሁሉ አየቻቸው፤ ፀጉራቸው ተንጨብርሮ፣ ገለባ አንገታቸው ላይ ተሰክቶ ይስቃሉ።

«የት እኩል እሆናለሁ፣ ፌርሚን» አለች። «አንተ እኮ በጉልበት ጠምዝዘህ ነው። እኔ ተንኮል ተጠቅሜ ነው።»

ፌርሚን ደረቱን ነፋ። ካሲሚሮ ክንዱን ማሸት ጀመረ። «እስከ ዛሬ ይጠዘጥዘኛል» አለ።

ከዚያ ካሜራዬን አመጣሁ። ደንቡ የነጠቀ ብቻውን እንዲነሣ ነው፣ እሷ ግን አባቷን በቀሚሱ ጎትታ አጠገቧ አቆመችው። ሁለት አነሣሁ። አንዱን ወሰደች፤ ሳራጎሳ ሕክምና ክፍሏ ውስጥ ከመጥረጊያው ጋር ሰቅላዋለች፣ አፉን አልከፍትም የሚል ልጅ ሲመጣ መጥረጊያውን ታወርድለታለች አሉ። ሌላው እኔ ጋ ግድግዳው ላይ፣ ከፌርሚን ፎቶ አጠገብ ነው። ትንሽ ደብዝዟል፣ የሁለቱም ፊት ተንቀሳቅሷል። ሰው ሲጠይቀኝ ካሜራው አርጅቶ ነው እላለሁ። ካሜራው ግን ምንም አልሆነም፤ ዓይኔን በእጄ እየጠረግኩ ነበር ያነሣሁት።